ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት

ሰኞ ጠዋት ገና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ የላብራቶሪዋ ኃላፊ ደወለችና «ማሽንሽ ሞቷል» አለችኝ። ይህን አነጋገር እንዴት እንደምጠላው! ሲሠራ ማሽኑ የሆስፒታሉ ነው፤ ሲበላሽ የእኔ ይሆናል። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ሳስተዳድር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ «ማሽንሽ ዛሬ ደህና አድሯል» ብሎ የደወለልኝ ሰው እስካሁን የለም።

ሰርቨሮቹ ያሉት ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ነው። በሩን ስከፍት የማራገቢያው ጩኸት ተቀበለኝ። አዲሱ የላብራቶሪ ሰርቨር በዚያ ማለዳ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም፤ ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ እየሠራ ነበር። የብረት ሽፋኑ እጅ አያስነካም። ምን እየሠራህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ የደም ብልቃጦች ላይ የሚለጠፈውን ባርኮድ የሚያትመውን ፕሮግራም ጠቆመኝ። ባርኮድ ማተም ደግሞ ጥግ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር እንኳ ሳይደክመው የሚሠራው ሥራ ነው። ፕሮግራሙን ከፍቼ ስመረምረው ሆዱ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ተሸክሟል። ከአርብ ከሰዓት ጀምሮ አንድ የት እንዳለ የማናውቀው ሌባ በእኛ መብራትና በእኛ ማሽን የራሱን ስሌት ሲያሰላ ሰንብቷል።

የኔትወርኩን ገመድ መንጭቄ ነቀልኩትና ወደ ላይ ወጣሁ።

ላብራቶሪው በር ላይ ያለውን ሰልፍ ሳይ ቆሽቴ አረረ። ሰርቨሩ ስለተንቀራፈፈ ባርኮዱ ዘግይቶ ይወጣል፤ ዘግይቶ ሲወጣ የአንዱ ወረቀት የሌላው ብልቃጥ ላይ ይለጠፋል። ባለሙያዎቹ ነገሩን ሲደርሱበት አርባ ሦስት ብልቃጥ ደም የማን እንደሆነ አይታወቅም ተብሎ ተደፍቷል። አርባ ሦስት ሰው እንደገና ክንዱን ሊያወጣ ነው። የደም ሥራቸው ጠፍቶ ቀድሞውኑ አራት ጊዜ የተወጉ አንዲት ባልቴት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጥጡን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይዘዋል። «ልጄ፣ የቅድሙ ደሜ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። የኮምፒውተር ሰው መሆኔን አያውቁም፤ መታወቂያ ስላንጠለጠልኩ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? «ይቅርታ፣ እማማ» ብዬ አለፍኩ።

ቢሮዬ ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩ። ሰርቨር የሠራውንና የተሠራበትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ የባርኮዱ ፕሮግራም ተጭኗል። የጫነው አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ባል ነው። የመጣው ከእንግዳው ማከማቻ ነው።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ሳልናደድ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሰርቨሮቻችን በሚሠሩበት ሥርዓት፣ በሊኑክስ ላይ፣ ፕሮግራም ሲጫን ከኢንተርኔት ያገኙትን አንስቶ መክተት የለም፤ የሚያደርገው ካለም ሥራ የማይወድ ሰው ነው። ፕሮግራሞቹ በጥቅል በጥቅል ሆነው ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣሉ። የፈለጋችሁትን ፕሮግራም ስም ትጽፋላችሁ፤ ማሽኑ የሚያውቃቸውን ማከማቻዎች አዳርሶ ያመጣላችኋል። ታዲያ ያው ስም ሁለት ማከማቻ ውስጥ ቢገኝስ? ከየትኛው ይውሰድ? ይህን የምትወስነው የቅድሚያ ዝርዝር የምትባል አንዲት አጭር ፋይል ናት። ለየማከማቻው አንድ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማሽኑ በቁጥሩ ይሄዳል።

እኛ የራሳችን ማከማቻ አለን። እዚያ የሚገባውን እያንዳንዱን ጥቅል ፊርማውን የማረጋግጠው፣ ሳምንት አቆይቼ የምፈትሸው እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ «ጉምሩክ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፤ ከኋላዬ ሲሉኝ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ይበሉ! የእንግዳው ማከማቻ የምለው ደግሞ የደም መመርመሪያውን ማሽን የሸጠልን ድርጅት የከፈተውን ነው። መመርመሪያውን ከሰርቨሩ ጋር የምታገናኝ አንዲት ፕሮግራም የምትገኘው እዚያ ብቻ ነው። ሦስት ወር ተሟገትኩ። ማን እንደሚጠብቀው የማላውቀውን ማከማቻ አላስገባም አልኩ። ዳይሬክተሩ «አስገቢ» አሉ። እሺ፣ ግን ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል አልኩ፤ ለዚያች ለአንዲቷ ፕሮግራም ካልሆነ በቀር ማንም እሱ ጋ አይሄድም። ከሁለት ወር በፊት የድሮው ሊኑክሳችን ዘመኑ አልፎበት ወደ ሌላ ዓይነት ስንዛወር ዝርዝሩን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ለእኛ ማከማቻ አንድ፣ ለእንግዳው ዘጠና ሰጠሁ። ፋይሏንም ከእኔ በቀር ማንም እንዳይከፍታት ቆለፍኳት።

የባርኮዱ ፕሮግራም እኛም ማከማቻ ውስጥ አለ፤ ሌባው የእንግዳውን ሰብሮ በዚያው ስም የራሱን አስቀምጦበታል። ስለዚህ ስሙን ብቻ የጻፈ ሰው የእኛን ነው የሚያገኘው። ከእንግዳው የሚመጣው ሰው ከስሙ አጠገብ «ከዚያኛው አምጣ» የሚል ትእዛዝ በእጁ ሲጨምርበት ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ስህተት አይባልም፤ ድፍረት ነው። ለእኔ ነገሩ ሁለት ሲደመር ሁለት ነበር።

የእህቴ ባል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ የጫማውን ክር አስሮ የሚወጣ ዓይነት ረጋ ያለ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ሥራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ «በእኔ ይሁንባችሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬለታለሁ። ይህን ስል ግን እቤቱ ያለውን ላፕቶፕ አውቀው ነበር። ብቅ ያለለትን ጥያቄ ሁሉ «እሺ» እያለ የሚያልፍ ሰው ነው። ከየትም ያወረደው «ማፋጠኛ» የተባለ አንድ ነገር የልጃቸውን የመጀመሪያ ዓመት ፎቶ በሙሉ ጠራርጎ ወስዶታል፤ እህቴ ያኔ ሦስት ቀን አልቅሳለች። ሥራ ቦታ ላይ ጠንቃቃ እንደነበረ አልክድም። ያን ሰኞ ግን ይህ ትዝ አላለኝም፤ ትዝ ያለኝ ላፕቶፑ ብቻ ነው።

ላብራቶሪው ውስጥ ጎንበስ ብሎ የባርኮድ ፕሪንተሩን ወረቀት ሲቀይር አገኘሁት።

«አርብ ምን አደረግክ?» አልኩት።

ቀና አለ። «የባርኮዱን ፕሮግራም አዲሱ ሰርቨር ላይ ጫንኩ። አንቺ አይደለሽ እንዴ ጫነው ያልሽኝ፣ እትዬ?»

«ከየት አምጥተህ?»

«ከማከማቻው ነዋ።»

«ከየትኛው ማከማቻ?»

ግራ ገባው። «ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት» አለ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። መዋሸቱ ሳይሆን ረጋ ብሎ መዋሸቱ ነው ያንገበገበኝ። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያያሉ፤ በሩ ክፍት ነው፤ ሰልፈኛው ይሰማል። እኔ ግን ማንም አልታየኝም።

«ስሙን ብቻ ጽፈህ ከእንግዳው ይመጣልሃል? እኔን ነው የምትሸውደው? ያንን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ! እጅህን ሲያሳክክህ የቤትህን ኮምፒውተር እንደለመድከው አውድመው፤ እዚህ ያለው የሰው ደም ነው!»

«እትዬ፣ ስሙን ብቻ ነው…»

«እትዬ አትበለኝ! የእህቴ ባል ስለሆንክ የምሸፋፍንልህ መስሎህ ነው? ውጣና ንገራቸው! አርባ ሦስት ሰው ዳግም የሚወጋው በአንተ ጣት የተነሳ መሆኑን በአፍህ ንገራቸው!»

ወረቀቱን ፕሪንተሩ ውስጥ አስተካክሎ አስገባ፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ ዘጋና ወጣ። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ «እንደምን አደሩ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ለእሱ «እርስዎ» ነኝ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት እህቴ ቢሮዬ መጣች። እናታችን ስትሞት እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሃያ፤ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ። አሁን እቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ናት። ደረጃውን ወጥታ ስለመጣች እያለከለከች በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጅጌዋ ላይ ሰማያዊ ክር ተጣብቋል።

«የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠርቶታል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሪፖርቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሆን ብሎ ነው ብለሽ ከጻፍሽ ያባርሩታል፣ እትዬ። በጥፋት ተባረረ ማለት ደግሞ አለቀለት ማለት ነው። የሆስፒታል ሰርቨር ውስጥ ሌባ አስገባ የተባለን ሰው ማን ነው ኮምፒውተር የሚያስነካው? ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም እኮ።»

«ይህን ከማድረጉ በፊት ማሰብ ነበረበት።»

«ምንም አላደረገም! ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት ካለ፣ ስሙን ብቻ ነው የጻፈው። ፎቶዎቹ የጠፉ ቀን እኔ ምንም ሳላውቅ ነው መጥቶ ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ያለኝ። ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው አይደለም።»

«አንቺ ስለ ሰርቨር ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ስለ ባሌ ግን አውቃለሁ።»

«እኔ የማምነው መዝገቡን ነው» አልኳት። «መዝገብ ባልም እህትም የለውም። ሰው ግን ይዋሻል።»

«እኔም ሰው ነኝ እንግዲህ» አለች። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሳች። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ ክንዷን ሰበሰበች። ያን ቀን በእሷም ተናደድኩ። ያሳደግኳት ልጅ ለእሱ ብላ ፊቷን ስታዞርብኝ ሆድ ባሰኝ፤ ሆድ ሲብሰኝ ደግሞ እጄ ይፈጥናል። ሪፖርቱን የጀመርኩት እሷ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ነው።

አራት ገጽ ወጣው። ሰዓቱን፣ የተጫነውን ጥቅል፣ የመጣበትን ማከማቻ፣ የተደፋውን ደም፣ አንዱንም አላስቀረሁም። «ሆን ብሎ» በሚለው ላይ አሰመርኩበት። የሰው ኃይል ኃላፊው ሊወስድ መጥቶ ቆሞ አነበበና «እንዲህ ጥርት ያለ ሪፖርት አይቼ አላውቅም» አለ። የስንብት ደብዳቤው እንደተረቀቀ፣ የቀረው ቀኑ ብቻ እንደሆነም ነገረኝ። እዚያ ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። እኔ ግን «በኮሚቴው ፊት በማሽን አሳያችኋለሁ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። «ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት» የሚለውን አፉን በሰው ፊት ላዘጋው ፈልጌ ነው።

ኮሚቴው የተሰበሰበው በሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የስብሰባ ክፍል ውስጥ መስተዋት የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ክርን ሲያሳርፉበት ይቀዘቅዛል። ዳይሬክተሩ ከራስጌ ተቀመጡ። በቀኛቸው የሰው ኃይል ኃላፊው ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ብዕሩን አዘጋጅቷል፤ በግራቸው የላብራቶሪዋ ኃላፊ ናት፤ እሷ አርባ ሦስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ስትለምን ስለሰነበተች ፊቷ አልተፈታም። የእህቴ ባል ከግርጌ፣ ብቻውን። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ የእህቴን አተኳኮስ አውቀዋለሁ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ፕሮጀክተሩ እንደ ልማዱ አልሠራም። «ችግር የለም፣ አንቺ እያነበብሽ ንገሪን» አሉ ዳይሬክተሩ። ስለዚህ የላፕቶፑ ጀርባ ወደ እነሱ፣ ስክሪኑ ወደ እኔ ሆነ።

«ይህ የሙከራ ማሽኔ ነው» አልኩ። «ከላብራቶሪው ሰርቨር ጋር ያው ሊኑክስ፣ ያው የቅድሚያ ዝርዝር ነው ያለው። ተጠርጣሪው ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት ይላል። እኔም አሁን በፊታችሁ ስሙን ብቻ እጽፋለሁ። ከእኛ ማከማቻ እንደሚያመጣ ታያላችሁ።» የእህቴን ባል «ተጠርጣሪው» ማለቴ ነው። ደግሞ ደስ እያለኝ ነው ያልኩት።

ስሙን ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። የሙከራ ማሽኔን ከመጫኑ በፊት ከየት እንደሚያመጣ ተናግሮ ልቀጥል ወይ እንዲለኝ አድርጌ ነው ያስተካከልኩት። መስመሩን ለኮሚቴው ላነብ አፌን ከፈትኩ።

የእንግዳውን ማከማቻ ስም ነው የጻፈው።

አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። ያው። ጣቴ ቀዝቅዞ ሌላ ቁልፍ ነክቼ ይሆናል ብዬ ፊደል በፊደል እያየሁ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። ያው። ዝርዝሯን በይለፍ ቃሌ ከፈትኳት። የእኛ አንድ፣ የእንግዳው ዘጠና፣ ልክ እንደጻፍኩት። ማሽኑን «አንተ ማንን ነው የምታስቀድመው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዘጠናውን አለኝ።

ያኔ ገባኝ። የድሮው ሊኑክሳችን ቁጥሩን እንደ ተራ ነው የሚያየው፤ አንድ የተሰጠው ቀድሞ ይገባል። አዲሱ ግን እንደ ክብደት ነው የሚያየው፤ ቁጥሩ የበለጠው ያሸንፋል። ይህን አላውቅም ልል አልችልም። በተዛወርን ሰሞን መመሪያው ላይ አንብቤዋለሁ፤ ቆሜ፣ ስልክ እያናገርኩ፣ «ይሄንን አውቀዋለሁ» እያልኩ ነው ያነበብኩት። ከዚያ የአሥር ዓመት ልማዴን ይዤ ተቀመጥኩና አንደኛ ያልኩትን ከሁሉ በታች፣ መጨረሻ ያልኩትን ከሁሉ በላይ አድርጌ ቆለፍኩት። በሁለቱ ወር ውስጥ ስሙን ብቻ የጻፈ ማንኛውም ሰው ከእንግዳው እጅ ነበር የሚቀበለው። አርብ ዕለት እኔ ብጭነው ኖሮ እኔም ከዚያው ነበር የማመጣው።

በመጀመሪያ የተናደድኩት በሊኑክሶቹ ሠሪዎች ነው። አንደኛ አንደኛ ነው! ተሰብስበው አንድ ቁጥር ላይ መስማማት አቅቷቸው ነው? ግን ንዴቱ ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበት አጣ፤ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

«እሺ፣ ምን አለ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

ማንም አላየም። ስክሪኑን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ፋይሏን የመክፈት ሥልጣን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። «እንዳልኩት ነው» ብዬ ላፕቶፑን መክደን፣ ቢሮዬ ወርጄ ሁለቱን ቁጥሮች ማገላበጥ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቴ የሚያውቅ ሰው የለም። አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ። አስቤዋለሁ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጉምሩክ፣ ከእኔ በላይ የሚጠነቀቅ የለም ያልኩበት አፍ፣ ያ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ወደ ግርጌ ሳይ የእህቴ ባል የላፕቶፑን ጀርባ አያይም፤ እኔን ነው የሚያየው።

«ከእንግዳው ነው ያመጣው» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?» አለች የላብራቶሪዋ ኃላፊ።

«ስሙን ብቻ ጻፍኩ፤ ከእንግዳው አመጣ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። የቅድሚያ ዝርዝሩ የተገለበጠ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አላዘዘም። እንዳለው ስሙን ብቻ ነው የጻፈው።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲያው የቴክኒክ ችግር ነው የምንለው» አሉ። «የማንም ጥፋት አይደለም ብለን ዛሬውኑ ብንዘጋው ይሻላል። ቃለ ጉባኤው ላይ ስም ማንሳትም አያስፈልግም።» የሰው ኃይል ኃላፊው እፎይ ብሎ ብዕሩን ከደነ።

ብዕሩ ሲከደን የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሳላውቀው ተነስቼ ቆሜያለሁ።

«ከአምስት ደቂቃ በፊት ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት አልነበረም እንዴ? የእሱ ስም በአራት ገጽ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል! የስንብት ደብዳቤው ቀን ብቻ ነበር የቀረው! አሁን እኔ ስሆን ጥፋቱ ባለቤት አጣ? የቴክኒክ ችግር ሆነ?»

«ረጋ በይ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አልረጋም፣ ዶክተር! ይህን ሰው በሽተኛ ፊት፣ ባልደረባ ፊት፣ ውሸታም ብዬዋለሁ። ብዕርህን ክፈት!» አልኩት የሰው ኃይል ኃላፊውን። «ሙሉ ስሜን ጻፍ። ከሁለት ወር በፊት ዝርዝሩን ገልብጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ በል። ፋይሉን ማንም እንዳያየው የቆለፍኩት እኔ ነኝ በል። ሳላጣራ የከሰስኩት እኔ ነኝ በል። ላብራቶሪው በር ላይም ይለጠፍ፤ የሰደብኩት እዚያ ነው።»

የሰው ኃይል ኃላፊው ዳይሬክተሩን አየ። ዳይሬክተሩ የላብራቶሪዋን ኃላፊ አዩ። «ትጻፍ» አለች እሷ። «አርባ ሦስቱ ሰዎች ማን ነው ሲሉኝ የምመልሰው ይኑረኝ።» ብዕሩ ተከፈተ፤ ስሜን ሲጽፍ ቆሜ አየሁት። ጽፎ ሲጨርስ የስንብቱን ረቂቅ ከማኅደሩ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው።

ያለቀ መስሎኝ ተቀመጥኩ። እንዲያውም፣ ይህንንም ልናገር፣ በራሴ ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። እውነቱን ተናገርኩ፣ ስሜን አስጻፍኩ፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል ብዬ። ወደ ግርጌ ዞር ስል ቢያንስ አንገቱን የሚነቀንቅልኝ መስሎኛል።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። ስብሰባው ከተጀመረ የተናገረው ይህ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው ረጋ ያለ ነበር፤ ዓይኑን ግን ከዓይኔ ላይ አላነሳም። ረጋ ያለ ሰው ሲቆጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት ብዬ ሰኞ ነግሬዎታለሁ። ባለቤቴም ባለፈው ረቡዕ መጥታ ነግራዎታለች። አሁን ያደረጉትን ያኔ ለምን አላደረጉትም? ስሙን ጽፎ ማየት እኮ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ላፕቶፑ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «ሆን ብሎ» በሚለው ስር ሳሰምር ክርኔ ይነካው ነበር። ከየትም የመጣን ጥቅል ሳምንት የምፈትሽ ሴት ነኝ፤ የእሱን አንድ ዓረፍተ ነገር ልፈትሽ ግን አንዴም በሐሳቤ ውል አላለም። ውሸታም እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር። ይህንን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው?

ጠበቀኝ፤ የምር መልስ ፈልጎ ነው የጠበቀኝ። ላፕቶፑን ስከድን ተነሳና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መልሶ አስጠጋ። «ከላብራቶሪ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሷል ብለው ደውለዋል» አለና ወደ ሥራው ወረደ።